መሠዊያና የወልዮች መካን፦ ከባሌ ታሪክ አንጻር

  

በዛሬው የታሪክ ዝግጅታችን ይዘንላችሁ የቀረብነው ጉዳይ ሁለት ነገሮችን ለይቶ ማወቅን የሚመለከት ነው። አንደኛው መሠዊያ ነው። ሁለተኛው በአማርኛችን አንድ ወጥ ስም አላገኘም፤ አንዳንዱ ቁባ፣ አንዳንዱ መቃም፣ ሌላው የወልይ መካን ይለዋል። የደግ ሰው መቃብር ወይም መታሰቢያ ያለበት፣ ሰው ለዚያራ የሚሄድበት ስፍራ ማለታችን ነው። ነገሩ የቃላት ጨዋታ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ በሮቤና በጎባ፣ በጊኒርና በጎሮ በአንድ ገበታ የሚቀርቡ አባትና ልጅ የተቀያየሙት በእነዚህ ሁለት ነገሮች መምታታት ነው። አባት የሐጅ ወር ሲቃረብ ወደ ድሬ ሼኽ ሑሴን ለመሄድ ስንቃቸውን ያሰናዳሉ። ልጅ «አባባ፣ የሚሄዱት እኮ ወደ ጣዖት መሠዊያ ነው» ይላቸዋል። አባትም «አያቶችህ ሁሉ ካፊር ነበሩ ማለትህ ነው?» ብለው ይቆጣሉ። ከዚያ በኋላ በአንድ ቤት ውስጥ ሰላምታ መነፋፈግ ይመጣል። «ሺርክ» የሚለው ቃል ደግሞ እንደ ጠጠር የሚወረወር ቀላል ቃል አይደለም። ስለዚህ ከመወርወሩ በፊት መሠዊያ ማለት ምን እንደሆነ ከታሪክ እንመልከት።

መሠዊያ አንድ ነገር ለሚመለክ አካል የሚሰጥበት ስፍራ ነው። ድንጋይ ሊሆን ይችላል፣ የአፈር ቁልል ሊሆን ይችላል፣ በወርቅ የተለበጠ ጠረጴዛም ሊሆን ይችላል። መሠዊያ የሚያደርገው ቅርጹ ሳይሆን በላዩ የሚፈጸመው መስጠት ነው። ዐረብኛው «ቁርባን» ግእዙም «ቁርባን» ይላል፤ ሁለቱም «መቅረብ» ከሚለው ሥር የመጡ ናቸው። ሰጪው በሚሰጠው ነገር አማካይነት ወደሚያመልከው ይቀርባል። የአደም ሁለት ልጆች ቁርባን እንዳቀረቡና የአንደኛው ተቀባይነት አግኝቶ የሌላኛው ሳይቀበሉት እንደ ቀረ በሱረቱል ማኢዳህ ተነግሯል። በሰው ልጅ ታሪክ የመጀመሪያው ግድያ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ከእስልምና በፊት በዐረቢያ ምድር «ኑሱብ» የሚባሉ የተተከሉ ድንጋዮች ነበሩ። የጃሂሊያ ሰዎች እንስሳ ይዘው ይመጣሉ፣ በድንጋዩ ላይ ወይም አጠገቡ ያርዳሉ፣ ደሙንም ይቀቡታል። ይህ በትክክለኛ ትርጉሙ መሠዊያ ነው። ቁርኣን በዚሁ በሱረቱል ማኢዳህ 3ኛ አንቀጽ በኑሱብ ላይ የታረደውን ከሙት ሥጋና ከደም ጋር አብሮ እርም አድርጎታል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ልብ የማይለው አንድ ነገር አለ። እስልምና እርድን አላስቀረም፤ ያስቀረው መሠዊያን ነው። በሐጅ ጊዜ ሑጃጆች የሚያርዱት ካዕባ ሥር አይደለም። እርዱ ከመካ ወጣ ብሎ ባለው በሚና ነው፤ በሚናም ውስጥ የተለየ የማረጃ ድንጋይ የለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እሳቸው ካረዱበት ቦታ ሌላ ሚና በሙሉ ማረጃ መሆኑን እንዳስተማሩ ሙስሊም በዘገቡት የጃቢር ሐዲስ ውስጥ እናገኛለን። በሱረቱል ሐጅ 37ኛ አንቀጽም ሥጋውም ሆነ ደሙ አላህ ዘንድ እንደማይደርስ፣ የሚደርሰው የባሪያው ተቅዋ እንደሆነ ተገልጿል። ሥጋው የሚበላ ነው፣ ለድሃም የሚሰጥ ነው። የሮቤ ሰው በዒደል አድሓ በግቢው በጉን ሲያርድ ግቢው መሠዊያ አልሆነም።

መሕራብንም መሠዊያ የሚመስላቸው አሉ። ክርስቲያን ወዳጆቻችን መስጊድ ሊጎበኙ ሲመጡ በፊት ለፊቱ ግድግዳ ያለውን ጎድጓዳ ቦታ አይተው «መቅደሳችሁ ይህ ነው?» ብለው መጠየቃቸው የተለመደ ነው። መሕራብ ግን ቂብላ በየት በኩል እንደሆነ የሚያሳይና ኢማሙ የሚቆምበት እንጂ ምንም ነገር የማይቀርብበት ስፍራ ነው። መስጊዱ ቢፈርስና ሰዎች ሜዳ ላይ ቢሰግዱ ሶላታቸው አይጎድልም።

ጎረቤቶቻችንን ካነሣን ዘንድ፣ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሁለቱን ነገሮች እንዴት እንደምትለይ ማየቱ ይጠቅማል። በጎባም ሆነ በሮቤ ባሉት አብያተ ክርስቲያናት ውስጠኛው ክፍል መቅደስ ይባላል። በዚያ ውስጥ መንበር አለ፣ በመንበሩም ላይ ታቦት ይቀመጣል። ኅብስቱና ወይኑ የሚቀደሰው በታቦቱ ላይ ነው። ታቦት በጳጳስ ካልተባረከ አይቀደስበትም፤ ታቦት የሌለበት ሕንፃም በሥርዓታቸው ቤተ ክርስቲያን አይባልም። ወደዚያ ክፍል ካህናትና ዲያቆናት እንጂ ምእመኑ አይገባም። ይህ መሠዊያ ነው። በሌላ በኩል ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ሕዝቡ ወደ ቁልቢ ገብርኤል ሲጎርፍ፣ አብዛኛው ሰው የሚሄደው ስለቱን ሊያደርስ ነው። ጃንጥላ፣ ጧፍ፣ ገንዘብ፣ አልፎ አልፎም ሰንጋ ይዞ ይሄዳል። ከተጓዦቹ መካከል ሙስሊሞችም እንደማይጠፉ የታወቀ ነው። ካህኑን «ቁርባኑ ለገብርኤል ነው ወይ?» ብትሏቸው «አይደለም፣ ለእግዚአብሔር ነው፤ ገብርኤል አማላጅ ነው» ይሏችኋል። ስለት አድራሹ ምእመን ግን «ለገብርኤል ያገባሁት ነው» ይላል። ይህችን «ለ» የምትል ፊደል ያዙልን፤ ኋላ እንመለስባታለን።

አሁን ወደ ባሌ እንሂድ። ባሌ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ዐረባዊው ጸሐፊ አል-ዑመሪ ከጠቀሷቸው ሰባት የሐበሻ ሙስሊም ግዛቶች አንዷ ናት። እስልምና በዚያ አካባቢ ሥር የሰደደው በሰይፍ ብቻ እንዳልሆነ ከሚመሰክሩልን አንዱ የሼኽ ሑሴን ታሪክ ነው። ሼኹ በትውፊት እንደሚነገረው በአናጂና ተወልደው ያደጉ፣ ቤተሰባቸውም ከባሕር ዳርቻው የመጣ ዓሊም ነበሩ። ዘመናቸውን ብዙዎች ከ12ኛው እስከ 13ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ያደርጉታል። አናጂና ዛሬ ድሬ ሼኽ ሑሴን የምትባለው ስትሆን፣ በአሁኑ የአስተዳደር አከፋፈል በምሥራቅ ባሌ ዞን በጎሎልቻ ወረዳ ትገኛለች። ከሮቤና ከጎባ ደጋ ወደ ምሥራቅ ወርዶ፣ ስንዴና ገብሱ አልቆ የቆላው ቁጥቋጦ ሲጀምር የምትደረስ አገር ናት።

በ16ኛው ክፍለ ዘመን ባሌን ያናወጡት ጦርነቶችና የሕዝብ እንቅስቃሴዎች የቀድሞውን የሙስሊም ግዛት አፈራርሰዋል። ሡልጣኖቹ ጠፉ፣ ቤተ መንግሥታቸው ጠፋ። የሼኹ መቃብር ግን አልተረሳም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሐረርን የገዙት አሚር ዐብዱሽኩር (እ.ኤ.አ. ከ1783 እስከ 1794) ስማቸው ከድሬ ሕንፃዎች ግንባታ ጋር ተያይዞ ይነሣል። አሜሪካዊው ተጓዥ ዶናልድሰን ስሚዝም በ1894 (እ.ኤ.አ.) በዚያ አልፏል። በኖራ የነጡት ጉልላቶች፣ በግንብ የታጠረው ቅጥር ግቢና የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምባቸው ኩሬዎች ዛሬም የስፍራው መለያዎች ናቸው። ስለ ሼኹ ከራማ የሚተርከው «ረቢዕ አል-ቁሉብ» የተባለው የዐረብኛ መጽሐፍ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ካይሮ ላይ ታትሟል። በኦሮምኛ የሚዜሙት «ባህሮ» የሚባሉት ውዳሴዎች ግን ከመጽሐፉ ይልቅ ሩቅ ሄደዋል። ከአርሲ፣ ከሐረርጌ፣ ከቦረና፣ ከዚያም አልፎ ከሶማሌ ምድር ሰው ባላ ያለው በትር ይዞ፣ ባህሮውን እያዜመ፣ ለሳምንታት በእግሩ ተጉዟል። በየመንገዱ ያለው ገበሬም ተጓዡን ያበላ፣ ያሳድር ነበር። በትሩን ያየ ሰው ወደ ድሬ የሚሄድ መሆኑን ያውቃልና አይነካውም።

የዚህን ጉዞ መልክ ለመረዳት ሌላ የባሌ ታሪክ መታወቅ አለበት። ከእስልምና መስፋፋት በፊትም ሆነ ጎን ለጎን፣ የኦሮሞ ሕዝብ ከሩቅ አገር መልእክተኞቹን ወደ አባ ሙዳ ይልክ ነበር። አባ ሙዳ ከሐረና ጫካ በታች፣ በደሎ አካባቢ ይኖሩ የነበሩ መንፈሳዊ አባት ናቸው። «ጂላ» የሚባሉት ተጓዦች በረከት ተቀብለው፣ በቅቤ ተቀብተው ወደ አገራቸው ይመለሱ ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 (እ.ኤ.አ.) ገደማ ይህን ጉዞ ከለከሉ። ልብ በሉ፤ አባ ሙዳ መቃብር አልነበሩም፣ መሠዊያም አልነበሩም፤ ሕያው ሰው ነበሩ። አጥኚዎች እንደሚሉት የአባ ሙዳ መንገድ ሲዘጋ ከልማዱ ብዙው ወደ ድሬ ሼኽ ሑሴን መንገድ ተሸጋግሯል። እኛም ይህ አሳማኝ ሆኖ እናገኘዋለን። ሰው ሃይማኖቱን ሲቀይር እግሩ የለመደውን መንገድ በአንድ ጊዜ አይተውም። ከሮቤ በስተ ምሥራቅ ርቆ የሚገኘው፣ የወይብ ወንዝ ሰርስሮት የሚያልፈው የሶፍ ዑመር ዋሻም እንዲሁ ነው፤ በወልይ ስም ከመጠራቱ በፊትም ሰዎች በአምልኮ ያከብሩት የነበረ ስፍራ እንደሆነ ይነገራል።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ይመጣል። ድሬ ሼኽ ሑሴን መሠዊያ ነው ወይስ የዚያራ መካን?

በመሠረቱ መቃብር መዘየር በእስልምና የተፈቀደ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጀመሪያ ከልክለው ኋላ መፍቀዳቸውን ሙስሊም ዘግበዋል፤ ምክንያቱም ኣኺራን ያስታውሳል። የተፈቀደው ግን ሰላምታ ለማቅረብ፣ ለሟቹ ዱዓ ለማድረግና የራስን ሞት ለማሰብ ነው። በዚያው ልክ የነቢያትን መቃብር የሶላት ቦታ ያደረጉ ሕዝቦች መወቀሳቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ከዓኢሻ (ረ.ዐ.) ዘግበዋል። ከእነዚህ ሁለት ሐዲሶች መካከል አንዱን ብቻ ይዞ የሚከራከር ሰው ግማሽ መንገድ ላይ ቆሟል። ዑመር ኢብኑል ኸጣብም (ረ.ዐ.) በሑደይቢያ ቃል ኪዳን የተፈጸመባትን ዛፍ ሰዎች እየሄዱ መስገጃ ሲያደርጓት ማስቆረጣቸውን ኢብን ሰዕድ ጽፈዋል። ሐጀረል አስወድን ሲስሙ ደግሞ የማይጠቅምና የማይጎዳ ድንጋይ መሆኑን እንደሚያውቁ፣ የሚስሙትም ነቢዩን ስላዩ ብቻ መሆኑን በሰው ፊት ተናግረዋል።

ስለ እርድ የመጡት ሁለት ሐዲሶች ደግሞ ለእኛ ርዕስ በቀጥታ የሚመለከቱ ናቸው። ሁለቱንም አቡ ዳዉድ ዘግበዋቸዋል። አንደኛው በእስልምና ውስጥ «ዐቅር» እንደሌለ የሚያስረዳ ነው። ዐቅር ማለት፣ ዘጋቢው ዐብዱረዛቅ እንደገለጹት፣ የጃሂሊያ ሰዎች ከመቃብር አጠገብ ላም ወይም በግ ያርዱ የነበረበት ልማድ ነው። መቃብር ወደ መሠዊያ የሚለወጥበት በር ይህ ስለሆነ በሩ ተዘጋ። ሁለተኛው የቡዋናህ ሐዲስ ነው። አንድ ሰው ቡዋናህ በተባለ ስፍራ ግመል ሊያርድ ተሳለና ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጣ። እሳቸው ወዲያው አልፈረዱም። መጀመሪያ በዚያ ስፍራ ከጃሂሊያ ጣዖታት የሚመለክ ነበረ ወይ ብለው ጠየቁ። አልነበረም ተባሉ። ከዚያ የጃሂሊያ ሰዎች በዓል ይደረግበት ነበር ወይ ብለው ጠየቁ። አልነበረም ተባሉ። ያን ጊዜ ስለቱን እንዲፈጽም አዘዙት።

በዚህ ሐዲስ ውስጥ ዑለማዎች ብዙ ሕግ አውጥተውበታል። እኛን የሚያስደንቀን ግን ከፍርዱ በፊት የመጣው ጥያቄ ነው። ቅድም ያዙልን ወዳልነው «ለ» እንመለስ። አንዲት እናት «ለሼኽ ሑሴን በሬ ተስያለሁ» ትላለች። ይህ አነጋገር ቢያንስ ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛው፣ በሬውን ለአላህ ብላ፣ በስሙ አርዳ፣ በድሬ ለተሰበሰበው ድሃና መንገደኛ ልታበላው ነው፤ ምንዳው ለሼኹ እንዲደርስላቸው ትለምናለች። ሁለተኛው፣ ልጅ የሰጧት ሼኹ ናቸው ብላ ታምናለች፤ በሬው የእሳቸው ውለታ ክፍያ ነው። አማርኛው «ለ» ይላል፣ ኦሮምኛውም «ኢፍ» በምትለው ቅጥያ ያንኑ ይላል፤ ቋንቋው ሁለቱን አይለይም። የመጀመሪያው ሰደቃ ነው፤ ስለ ቦታው አመራረጥ፣ በተለይም ከመቃብሩ ሥር ስለ ማረድ፣ ከላይ ባየነው ሐዲስ መታረም ያለበት ቢሆንም ሰደቃ ነው። ሁለተኛው ግን ምንም ድንጋይ ባይኖር፣ ምንም ደም ባይቀባ፣ መሠዊያ ነው። ጉልላት ስላለ መሠዊያ አይሆንም፤ ጉልላት ስለሌለም ከመሠዊያነት አያመልጥም። በአንድ ዋርካ ሥር፣ በአንድ ምንጭ ዳር፣ በቤት ጓዳም ቢሆን ከአላህ ሌላ ላለ አካል የሚሰጥ ነገር ካለ ያ ስፍራ ኑሱብ ሆኗል። ስለዚህ እናቲቱን «ሙሽሪክ» ከማለት በፊት «እማማ፣ ለማን ብለው ነው የተሳሉት? ሲታረድስ የማን ስም ይጠራል?» ብሎ መጠየቅ የነቢዩ መንገድ ነው። አብዛኞቹ እናቶች ሲጠየቁ የሚመልሱት መልስ ብዙ ወጣቶች ከሚጠብቁት የተሻለ ነው። መልሳቸው ከተበላሸም ማስተማር ከዚያ ይጀመራል።

ክርክሩ ለባሌ አዲስ ይመስል ይሆናል እንጂ አሮጌ ነው። ኢብን ተይሚያ መቃብር ለመዘየር ተብሎ ስለሚደረግ ጉዞ በሰጡት ፈትዋ ምክንያት በ1326 (እ.ኤ.አ.) ደማስቆ ታሰሩ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም እዚያው እስር ቤት ሞቱ። ተቂዩዲን አስ-ሱብኪ ደግሞ ዚያራን ደግፈው «ሺፋኡስ-ሲቃም» የተባለውን መጽሐፍ ጻፉ። ሁለቱም ታላላቅ ዓሊሞች ነበሩ። ልብ ማለት የሚገባው፣ የተከራከሩት ለዚያራ ኮርቻ መጫን ይፈቀዳል ወይ በሚለው ላይ ነው እንጂ ለሟች መሠዋት አይፈቀድም በሚለው ላይ እንዳልሆነ ነው። በባሌ ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ ሳዑዲ ዐረቢያ ተምረው የተመለሱ ሰዎች ያመጡት ትምህርት ከ1991 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በሮቤና በዙሪያዋ እጅግ ተስፋፋ። ኖርዌያዊው ተመራማሪ ቴሪየ ኦስቴቦ ይህንኑ ለውጥ አጥንተው በ2012 (እ.ኤ.አ.) ሰፊ መጽሐፍ አውጥተዋል። ትምህርቱ ብዙ ቢድዓ እንዳስቀረ አንክድም፤ በየዛፉና በየወንዙ ይደረግ የነበረው እርድ እንዲቀር የድርሻውን አድርጓል። ያጎደለው ነገር ቢኖር መቃብሩን፣ ዛፉንና ስለቱን በአንድ ስም መጥራቱ ነው። በሌላ ወገን ያሉት የድሬ ወዳጆችም የአባቶች ልማድ ስለሆነ ብቻ ሁሉንም ነገር መከላከላቸው አልበጀም። ለሟች ሰው «ልጅ ስጠኝ» ማለትን በልማድ መከላከል አይቻልም።

መለየቱ ሲቀር የሚመጣውን በሌላ አገር አይተናል። በማሊ፣ በቲምቡክቱ ከተማ በ2012 (እ.ኤ.አ.) ታጣቂዎች «ሺርክ ነው» ብለው የጥንት ዓሊሞችን ቁባዎች በዶማ አፈረሱ። እነዚያ ዓሊሞች ከተማዋን በኪታብ የሞሉ ሰዎች ነበሩ። የከተማዋ ግንበኞች በ2015 መልሰው ሠሯቸው፤ ከአፍራሾቹ አንዱም በ2016 በሔግ በዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት ዘጠኝ ዓመት ተፈረደበት። ድሬ ሼኽ ሑሴንና ሶፍ ዑመር ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዩኔስኮ ጊዜያዊ የቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍረዋል። ባሌ ውስጥ ዶማ የሚያነሣ ይመጣል ብለን አይደለም ይህን ማንሣታችን። ነገር ግን ኖራው የሚታደሰውም፣ ኩሬው የሚጠረገውም በአካባቢው ሰው እጅ ስለሆነ፣ ልጆቹ «የጣዖት ቤት» ብለው የተማሩትን ግንብ ነገ ማን ያድሰዋል?

አንድ ነገር እናክል። በሐጅ ወር ወደ ድሬ የሚሄዱ አባቶች ባይቀሩ እንኳ፣ የሚያርዱትን ከቅጥሩ ውጭ፣ ከመቃብሩ ራቅ አድርገው፣ ቢስሚላህ ብለው ቢያርዱና ሥጋውን በዚያው ለሚያድረው ችግረኛ ቢያካፍሉ፣ ከልጆቻቸው ጋር ካላቸው ክርክር ግማሹ እዚያው ያበቃል። የቀረውን ግማሽ፣ ማለትም የጉዞውን ጉዳይ፣ ኢብን ተይሚያና ሱብኪም አልጨረሱትም።

ስለ ሶፍ ዑመር ዋሻ ታሪክ በሚቀጥለው ዝግጅታችን ኢንሻአላህ በሰፊው እንመለስበታለን።